ፌራጎስቶ ላይ ቬዙቪዮ ደርሶ መልስ፦ እናትን ይዞ ያዋጣል ወይ?

እህቴ፣ ጥያቄሽ ይሄ ነው። እናትሽ ከአዲስ አበባ መጥተዋል። 67 ዓመታቸው ነው፣ ጉልበታቸውን ያማቸዋል። ልጅሽ 9 ዓመቱ ነው። ለፌራጎስቶ፣ ማለት ኦገስት 15 ለሚከበረው የጣሊያን በዓል፣ አሠሪሽ ሲኞራ ቀኑን ሙሉ ለቃሻለች። ከሮማ በጠዋት ተነስቶ ናፖሊ አጠገብ ያሉትን የቬዙቪዮን እሳተ ገሞራና የጥንቷን ከተማ የፖምፔን ፍርስራሽ አሳይቶ ማታ የሚመልስ ፑልማን፣ ማለት የጉዞ አውቶቡስ፣ አግኝተሻል። «ያዋጣል ወይ? እናቴስ ይችሉታል ወይ?» ብለሻል።

ሂጂ። ግን ያገኘሽውን ጉዞ እንዳለ አትግዢው። ሮማ ብዙ ዓመት ኖሬያለሁ፣ ከማኅበራችን ሰዎችም ከአገር ቤት ከመጣ እንግዳም ጋር እዚያ ተራራ ላይ ወጥቻለሁ። ስለ ጉልበት ደግሞ አትጠይቂኝ። ባዳንቴ፣ ማለት የአረጋውያን ተንከባካቢ፣ ሆኜ የሰው እናት ደረጃ ሳወጣና ሳወርድ ነው ዕድሜዬ ያለቀው።

መጀመሪያ ሰዓቱን እንቁጠር። (ሰዓቱንም ዓመተ ምሕረቱንም በፈረንጅ ነው የምጽፈው።) ከሮማ ናፖሊ 225 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። 7፡00 ብትነሱ፣ መንገድ ላይ አውቶግሪል ቆማችሁ ቡናና ሽንት ቤት ስትሉ፣ ኤርኮላኖ መውጫ 10፡00 ሰዓት ላይ ብትደርሱ ጥሩ ነው። ከዚያ ፑልማኑ ጠመዝማዛውን ተራራ ይወጣል። እላይ ስትደርሱ 10፡40 ይሆናል። እላይ አንድ ሰዓት ተኩል ይሰጧችኋል። ምሳ። ከዚያ ፖምፔ ከ2፡30 እስከ 4፡30፣ በኦገስት ፀሐይ፣ ጥላ በሌለው ድንጋይ ላይ። ሮማ ማታ 8፡00። እናትሽ በዚያ ቀን አሥራ ሦስት ሰዓት ከቤት ውጭ ናቸው ማለት ነው፣ ከዚያ ውስጥ ተራራው አንድ ሰዓት ተኩል ብቻ።

ሹፌሩ ደግሞ አይጠብቅም። ክፉ ሆኖ አይደለም። በአውሮፓ ሕግ የፑልማን ሹፌር አራት ሰዓት ተኩል ከነዳ በኋላ 45 ደቂቃ ማረፍ አለበት። በቀን ደግሞ በመደበኛው 11 ሰዓት እረፍት ስለሚያስፈልገው የሥራ ቀኑ ከ13 ሰዓት ብዙ ማለፍ አይችልም። ሁሉንም መኪናው ላይ ያለው መሣሪያ፣ ታኮግራፉ፣ ይመዘግባል። ስለዚህ 4፡30 ካለ 4፡30 ነው። «አንዲያሞ፣ አንዲያሞ» (እንሂድ፣ እንሂድ) እያለ የሚያጨበጭበው ለዚህ ነው።

ይሄንን የማነሳው የእኛን ነገር ስለማውቅ ነው። አንድ ጊዜ የማኅበር ጉዞ ስንሄድ መነሻው ከቴርሚኒ አካባቢ 6፡30 ነበር። አንዷ «ደርሻለሁ፣ እያየኋችሁ ነው» ትላለች፣ አልጋዋ ላይ ሆና። ሌላው ለጉዞው ብሎ ያስቆላው ቆሎ ቤት ቀርቶበት ተመለሰ። ከሰዓት በላይ ዘግይተን ነው የወጣነው። ይሄ ወደ ገዳም ቢሆን ችግር የለውም፣ ጸበሉ አይዘጋም። ቬዙቪዮ ግን ትኬቱ ላይ ቀንና ሰዓት አለው። የክሬተሩ፣ ማለት የእሳተ ገሞራው አፍ፣ መግቢያ ትኬት በር ላይ አይሸጥም፣ በኢንተርኔት ብቻ ነው፣ ዋጋው 10 ዩሮ ገደማ ነው። ሰዓታችን አልፎ ነበር። አስተባባሪያችን በር ላይ ከሠራተኛው ጋር ሲለማመጥ፣ ሌሎቻችን ስልካችንን ወደ ሰማይ አንስተን ኔትወርክ ስንፈልግ ቆየን፤ እላይ ሲግናሉ ደካማ ነው። በልመና ገባን። ፌራጎስቶ ላይ ግን በዚያ ግርግር ልመና ይሠራል ብለሽ አትመኚ።

እና ከመክፈልሽ በፊት ሻጩን ሦስት ነገር ጠይቂው። የክሬተሩ ትኬት ዋጋው ውስጥ አለ ወይ? ብዙ ማስታወቂያ ላይ «ቬዙቪዮ» በትልቁ ተጽፎ ከታች በጉንዳን ፊደል «ኢንግሬሶ ኤስክሉዞ» ይላል፤ መግቢያውን ራስሽ ግዢ ነው። ሁለተኛ፣ እላይ ስንት ደቂቃ ነው የምንቆመው? ከአንድ ሰዓት በታች ካሉሽ ተዪው። ሦስተኛ፣ ተራራው ቢዘጋ ገንዘቡ ይመለሳል ወይ? ይሄ ቀልድ አይደለም። በጁላይ 2017 ተራራው ክፉኛ ተቃጥሏል። በኦገስት 2025 ደግሞ፣ ልክ በዚህ በፌራጎስቶ ሰሞን፣ በሰደድ እሳት ምክንያት የእግር መንገዶቹ ተዘግተው ነበር። ከባድ ንፋስና ነጎድጓድ ሲኖርም ይዘጋሉ።

አሁን ወደ እናትሽ ጉልበት። ፑልማኑ የሚያወርዳችሁ 1000 ሜትር ከፍታ አካባቢ ነው። ተራራው ራሱ 1281 ሜትር ነው፤ ከመውረጃው እስከ ክሬተሩ ዳር ያለው በእግር ነው። ለደህና ሰው ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይፈጃል። ሰፊ መንገድ ነው፣ በአንድ በኩል የእንጨት አጥር አለው፣ መሬቱ ግን አመድና ኮረት ነው። መጀመሪያ ላይ ያለው ዳገት በጣም ቀጥ ያለ ነው። አንዳንዱ ሰው እዚያ ላይ ቆሞ «ይሄ ሁሉ እንዲህ ነው እንዴ?» ብሎ ይመለሳል፤ ባይመለስ ከዚያ በኋላ ይሻል ነበር። መውጣቱ ልብ ነው የሚፈልገው። ጉልበት የሚፈልገው መውረዱ ነው። ኮረቱ ከእግር ስር ይንሸራተታል፣ ሰውየው ደግሞ ብሬክ ሲይዝ ሸክሙ በሙሉ ጉልበት ላይ ይወድቃል። ስለዚህ እናትሽ «ደህና ነኝ፣ ወጥቻለሁ እኮ» ሲሉ ገና ግማሹ ነው።

መንገዱ መነሻ ላይ የእንጨት ዱላ የሚሰጡ ሰዎች አሉ። ነጻ ይመስላል፤ ስትመልሺ ሳንቲም ይጠብቃሉ። ውሰጂላቸው። አንድ ሁለት ዩሮ ለጉልበት ብዙ አይደለም። እናቶቻችን ዱላ ሲባሉ «አረጀሁ እንዴ?» ይላሉ፤ ልጁም እንዲይዝ አድርጊ፣ ያኔ አይከፋቸውም።

የጓደኛዬ እናት ከቢሾፍቱ የመጡ ነበሩ፣ በዚያ በዘገየንበት ቀን አብረውን ነበሩ። ነጠላቸውን አገልድመው፣ ዱላቸውን ይዘው፣ በየመታጠፊያው እየተቀመጡ፣ ቀስ ብለው ወጡ። ጫፉ ላይ አጥሩን ይዘው ወደ ውስጥ አዩ። ከማዶ ካለው ገደል ከድንጋዩ ስንጥቅ ነጭ እንፋሎት ይወጣል። አማተቡ።

«የእንጦሮጦስ አፍ ይሄ ነው?»

«የእሳተ ገሞራ አፍ ነው፣ እማማ።»

«እሳቱስ?»

«ከስር ነው፣ አይታይም።»

ዝም ብለው አዩና «የእኛ ዝቋላ እኮ ውኃ አለው» አሉ። ልክ ናቸው። ዝቋላም የሞተ እሳተ ገሞራ ነው፣ ወደ 3000 ሜትር የሚጠጋ፣ ከነሐይቁ። ሆራም የፈነዳ መሬት ላይ የተጠራቀመ ውኃ ነው። ሴትዮዋ ዕድሜ ልካቸውን በእሳተ ገሞራ መሃል ኖረው ነው ሌላ ሊያዩ ጣሊያን የመጡት። ከዚያ ግን ወደ ባሕሩ ዞሩ። ናፖሊ በሙሉ ከስር ተዘርግቷል፤ ካፕሪና ኢስኪያ ደሴቶቹ ውኃው ላይ ተቀምጠዋል፤ የሶሬንቶ ተራራ በግራ። በዚህ ጊዜ ሹፌሩ ሰዓቱን እየቆጠረ ነው፣ እሳቸው ደግሞ «ትንሽ ልቀመጥ» ብለው ድንጋይ ላይ ቁጭ አሉ። ማንሳት አቃተን።

ይሄንን የነገርኩሽ ለልጅሽም ጭምር ነው። ቀይ ላቫ ሲፈላ አያለሁ ብሎ ከሄደ ያኮርፋል። ቀድመሽ ንገሪው። ቬዙቪዮ ለመጨረሻ ጊዜ የፈነዳው በማርች 1944 ነው፣ በጦርነቱ ጊዜ። ያኔ የአሜሪካ ጦር ፖምፔ አጠገብ አውሮፕላን ማረፊያ ነበረው፤ አመዱና ድንጋዩ በደርዘን የሚቆጠሩ ቦምብ ጣይ አውሮፕላኖችን አበላሸ። ወንድ ልጅ ይሄንን ይወዳል። ከዚያ ወዲህ ተኝቷል። ላቫ ካማረው አገሩ አለለት፦ ኤርታ አሌ። በኖቬምበር 2025 አፋር ውስጥ ሃይሊ ጉቢ የሚባለው እሳተ ገሞራ ሲፈነዳ ደግሞ አመዱ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ እስከ ሕንድ ደርሷል።

«ተኝቶ ድንገት ቢነሳስ?» የሚል ዘመድ አይጠፋም፤ አገር ቤት ስትደውዪ ይሉሻል። ከ1841 ጀምሮ ተራራውን የሚከታተል ተቋም አለ፤ ዛሬ መሣሪያው ቀንና ሌሊት ይለካል። አደጋ አለበት በተባለው ቀይ ቀጠና ውስጥ ከ600,000 በላይ ሰው ይኖራል፣ ልብሱን በረንዳ ላይ አስጥቶ። በዜና የምትሰሚው የሰሞኑ መንቀጥቀጥ በብዛት የዚህ ተራራ አይደለም፤ ከናፖሊ በስተምዕራብ ፖዙዎሊ አካባቢ ያለው፣ ካምፒ ፍሌግሬይ የሚባለው ሌላ እሳተ ገሞራ ነው።

እናትሽ መውጣት ካልፈለጉ ወይ ካቃታቸው አታስገድጃቸው። ፑልማኑ የሚቆምበት አካባቢ ባር አለ፣ ሽንት ቤት አለ (ሳንቲም ያዢ)፣ ባሕሩም ከዚያ ይታያል። እላይ ጫፉ ላይ ሽንት ቤት የለም፤ ይሄንን ሳይጠይቅ የሚወጣ ሰው ብዙ ነው። ግን ብቻቸውን አትተዪአቸው። ቋንቋ የማይችሉ እናት በሰው አገር ተራራ ላይ አንድ ሰዓት ብቻቸውን መቀመጥ ያስፈራቸዋል። አንዲት ጓደኛሽን ይዘሽ ብትሄጂ በየተራ ትቆያላችሁ። ይሄ ከሁሉ የተሻለው ዘዴ ነው።

ስለ ፖምፔ። እንዳትጠዪኝ፣ ፖምፔን እወደዋለሁ። በ79 ዓ.ም. ተራራው ሲፈነዳ ከተማዋ በአመድና በድንጋይ ተቀበረች። በ1863 ፊዮሬሊ የሚባል አርኪዮሎጂስት በአመዱ ውስጥ አስከሬኖቹ ትተውት የሄዱትን ባዶ ቦታ በጄሶ ሞላው፤ ሰዎቹ እንደወደቁ፣ አንዱ ፊቱን በእጁ እንደሸፈነ፣ ወጡ። ማየት ያለበት ነገር ነው። ግን ከተማ ነው። 66 ሄክታር ነው። መንገዱ ትላልቅ ጥርብ ድንጋይ ነው፣ በመሃሉ የጋሪ ጎማ የቦረቦረው። ከተራራ የወረደ ጉልበት በ2፡30 ፀሐይ እዚያ ላይ ሁለት ሰዓት አይቆምም። ፑልማኑ ደግሞ በአስጎብኚ ነው የሚያስሮጣችሁ፣ ባንዲራዋን ከፍ አድርጋ ትሄዳለች።

ስለዚህ ቬዙቪዮና ኤርኮላኖ የሚል ጉዞ ፈልጊ። ኤርኮላኖም በዚያው ፍንዳታ ነው የተቀበረችው፣ ግን ወደ 20 ሜትር ጥልቀት። በጣም ጋለ፣ ከዚያ ታሸገ። ስለዚህ እንጨቱ ሳይጠፋ ከሰል ሆኖ ቀርቷል፦ በር፣ የጣሪያ ማገር፣ አልጋ። ትንሽ ናት። በአንድ ሰዓት ተኩል ተረጋግቶ ይታያል፣ ጥላም ታገኚያለሽ። ከባሕሩ ዳር በነበሩት የጀልባ ቤቶች ውስጥ ሸሽተው የተጠለሉ ወደ 300 ሰዎች አጽም ተገኝቷል። እናትሽ እንዲህ ያለ ነገር ሲያዩ ልባቸው የሚነካ ከሆነ እዚያ ጋ አትውሰጃቸው፤ ልጁ ግን አይቶ ሳምንት ሙሉ ያወራልሻል።

ኤርኮላኖ ያለበት ጉዞ ካጣሽና ፖምፔ የግድ ከሆነ፣ ከፒያሳ አንፊቴያትሮ በር የሚጀምር «ፖምፔ ፐር ቱቲ» የሚባል የተስተካከለ መንገድ አለ። ለተሽከርካሪ ወንበርና ለሕፃን ጋሪ ተብሎ የተሠራ ነው፤ ለእናትሽም ይሆናል። አስጎብኚዋን በጠዋቱ ንገሪያትና ከቡድኑ ተለዩ። ከኖቬምበር 2024 ጀምሮ የፖምፔ ትኬት ስም አለው፣ በቀን ከ20,000 ሰው በላይ አይገባም። የእናትሽን ፓስፖርት፣ የአንቺንና የልጅሽን ዶኩሜንቶ ያዙ። ከ18 ዓመት በታች መግቢያው ነጻ ስለሆነ ለልጅሽ የፖምፔ መግቢያ እንዳያስከፍሉሽ ሒሳቡን እይ።

አሁን ማንም ያላነሳው ነገር። ኦገስት 15 ነሐሴ 9 ነው። ፍልሰታ ነው። እነሱ ዕርገተ ማርያምን ያከብራሉ፣ እኛ ገና ጾም ላይ ነን፣ የእኛ ነሐሴ 16 ነው። እናትሽ በእርግጠኝነት ይጾማሉ። በዋጋው ውስጥ ያለው ምሳ ደግሞ ብዙ ጊዜ ፒሳ ማርጌሪታ ወይ ላዛኛ ነው። ቀድመሽ ደውዪና ፒሳ ማሪናራ በዪ። ቲማቲም፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ኦሬጋኖ፣ ዘይት፤ አይብ የለውም። የናፖሊ የራሳቸው ፒሳ ነው፣ ማንም አይገረምብሽም። ወይም ስፓጌቲ አል ፖሞዶሮ «ሴንሳ ፎርማጆ» (ያለ አይብ)። ደረቁ ፓስታ እንቁላል የለበትም፤ በእጅ የተሠራው ትኩሱ ግን ብዙ ጊዜ አለው። ዓሣ ይበላል አይበላም የሚለው ክርክር ውስጥ አልገባም።

ከባዱ ምግቡ ሳይሆን ሰዓቱ ነው። እናትሽ እስከ ዘጠኝ ሰዓት፣ ማለት በፈረንጅ 3፡00፣ ውኃ ሳይቀምሱ የሚቆዩ ከሆነ ያንን ተራራ በኦገስት አይወጡም። እዚህ ላይ ለስላሳ አልሆንም። መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ ደግሞ ጭራሽ። ከሳምንት በፊት ለንስሐ አባታቸው ይደውሉና ይጠይቁ። በራስሽ ቃል ብትነግሪያቸው አይሰሙሽም፤ ካህን ሲነግራቸው ግን ይሰማሉ። በሶና ዳቦ ቋጥረሽ ያዢ፣ ለአውቶግሪል ሳንድዊች ገንዘብ አታባክኚ፤ ውስጡ ካም ያልገባበት ለማግኘት ራሱ ሌላ ሥራ ነው።

ትንንሹን ቶሎ ልጨርስ። የታሸገ ጫማ፣ ሰንደል አይሆንም፤ ኮረቱ ይገባል። ባርኔጣ። ቀጭን ጃኬት፣ ከታች 34 ዲግሪ ሆኖ እላይ ንፋሱ ሊያንዘፈዝፍ ይችላል። እናትሽ ነጠላቸውን ይያዙ፣ ለሁለቱም ይሆናል። ለጠመዝማዛው መንገድ ሎሚ፤ ልጁ የሚያቅለሸልሸው ከሆነ ከፊት አስቀምጪው። ከሮማ ስትወጡ በግራ በኩል ብትቀመጡ የሞንቴ ካሲኖን ገዳም ተራራው ላይ ታዩታላችሁ፤ ለእናትሽ አሳዪያቸው፣ «እነሱም ተራራ ላይ ነው የሚሠሩት» ይላሉ።

«በባቡር አይሻልም ወይ?» ላልሽው፣ ላንቺ ብቻ ቢሆን አዎ እል ነበር። በፈጣኑ ባቡር ናፖሊ ከአንድ ሰዓት ብዙ አይበልጥም። ከዚያ ቺርኩምቬዙቪያና በሚባለው የአካባቢው ባቡር ሄዶ ኤርኮላኖ ወርዶ፣ ከጣቢያው ወደ ተራራው የሚወጣ ትንሽ አውቶቡስ መያዝ ነው። ግን ያ ባቡር በኦገስት ይጨናነቃል፣ ቆሞ መሄድ አለ፣ ደረጃ አለ። ከእናትሽ ጋር ፑልማን ይሻላል፤ ቢያንስ ወንበራቸው ወንበራቸው ነው።

ከሁሉ የምመርጥልሽን ልንገርሽ። እናትሽ እስከ ሴፕቴምበር የሚቆዩ ከሆነ ፌራጎስቶን ለሌላ ነገር አውዪው፣ ከሲኞራሽ አንድ እሁድ ለምኚ፣ ከእንቁጣጣሽ በኋላ ሂጂ። ጾሙ ያልቃል። ፀሐዩ ይበርዳል። ፑልማኑም ይረክሳል፣ ምክንያቱም ፌራጎስቶ ላይ ጣሊያን በሙሉ ከቤቱ ይወጣልና ዋጋው ይሰቀላል። ሲኞራሽ እምቢ ካለችና ያለሽ ያ አንድ ቀን ብቻ ከሆነ፣ ከላይ ያልኩሽን ይዘሽ ሂጂ።

እስከዚያው ገንዘብ አትላኪ። የጉዞውን ወረቀት ፎቶ አንሺና ለጥፊው፣ ምን እንደሚጨምርና ምን እንደማይጨምር አንብቤ እነግርሻለሁ።